የተቀዳ ትምህርትና ያልተጻፈ ማስታወሻ

ሞያሌ ከአዲስ አበባም ከናይሮቢም ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ አንድ ስም ይዛ ለሁለት አገር የምታድር ከተማ ናት። በኬንያ ወገን ያለው ቤት አምፖሉን የሚያበራው ከኢትዮጵያ በሚመጣ ኤሌክትሪክ ነው፤ በዚያው አምፖል ሥር የተቀመጠው ልጅ የሚያነበው መጽሐፍ ግን የተሰናዳው ናይሮቢ ነው። ገበያው ቦረንኛ፣ ሶማሊኛ፣ ቡርጂኛ፣ አማርኛና ስዋሂሊ እያቀላቀለ ውሎ ይገባል። ከእንዲህ ያለ ከተማ ተነሥቶ መምህር ለመሆን የሚሠለጥን ወጣት ዛሬ አንድ ምክር ደጋግሞ ይሰማል። ኢንተርኔት ተጠቀም፣ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ከድረ ገጽ አውርድ፣ ብትችል ደግሞ የራስህን ብሎግ ክፈት ይሉታል። ምክሩ ክፉ አይደለም። ዳሩ ግን «አውርድ» የሚለው ቃል በገንዘብ፣ በመሣሪያና በሥልጠና ሲደገፍ፣ «ጻፍ» የሚለው ቃል እንደ ገበያ ምራቂ መጨረሻ ላይ ጣል ተደርጎ ይታለፋል። ለመምህርነት ሙያ የከበደው ጉዳይ ግን ይኸው ጣል የተደረገው ቃል ነው።

አማርኛ «ቀዳ» በሚል አንድ ግስ ብዙ ሥራ ይሠራል። ውኃ ይቀዳል፤ ድምፅ ይቀዳል፤ የሌላ ሰው ጽሑፍም ይቀዳል። በቦረና ምድር ጥልቅ በሆኑት የቱላ ጉድጓዶች ዘንድ ግን መቅዳት ለብቻው የቆመ ሥራ አይደለም። ጉድጓዱን የቆፈረ፣ ደለሉን የሚያወጣ፣ የከብቱን ተራ የሚያስከብር ወገን አለ፤ በጉድጓዱ ውስጥ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው እየዘፈኑ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ የሚያቀብሉትም የዚያው ማኅበር አካል ናቸው። ስለ ኢንተርኔት የትምህርት መርጃዎች በሚደረገው ንግግር ውስጥ የጠፋው ይህ ዝምድና ነው። ለዕጩ መምህሩ ባልዲ ተሰጥቶታል። ጉድጓዱ የማን እንደ ሆነ፣ ማን እንደሚጠርገው፣ እርሱስ አንድ ቀን በቁፋሮው ይገባ እንደ ሆነ የሚጠይቀው ግን የለም።

ነገሩ ታሪክ አለው። በኢትዮጵያ ወገን የተማሩ አንባቢዎች «ፕላዝማ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ የሚታያቸው የሳሎን ቴሌቪዥን አይደለም፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍል ነው። በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2004 መገባደጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትምህርት በሳተላይት አማካይነት በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ይሠራጭ ጀመር። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በእንግሊዝኛ ተነግሮ፣ በአንድ ሰዓት በሁሉም ቦታ ይታይ ነበር። ጎንደር ያለው ተማሪና ያቤሎ ያለው ተማሪ በአንድ ደቂቃ አንድ ቀመር ያያሉ። ላቦራቶሪ ባልነበረባቸው ትምህርት ቤቶች የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይን ታየ፤ የደም ዝውውር ከመጽሐፍ ሥዕል ወጥቶ ሲንቀሳቀስ ታየ። ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ ፕላዝማን ሲነቅፉ ይህን የሚዘሉ ሰዎች ፍርዳቸው ሚዛን ይጎድለዋል።

መምህሩ ግን ምን ሆነ? ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ስክሪኑ ወሰደ። ለመምህሩ የቀረለት መግቢያ የሚናገርባቸው ጥቂት ደቂቃዎችና ማጠቃለያ የሚሰጥባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ስክሪኑ ጥያቄ ጠይቆ ጥቂት ሴኮንዶች ይሰጣል፤ ተማሪው እርሳሱን ሳያነሣ መልሱ ተነግሮ አልፏል። «አልገባኝም» የሚል ልጅ እጁን ቢያወጣ የሚያይለት የለም፤ ስክሪኑ ዓይን የለውማ! መምህሩ ደግሞ እጁ የወጣውን ልጅ ያያል፣ ነገር ግን ሥርጭቱን ማቆም አይችልም። በእነዚያ ዓመታት የኢትዮጵያ ምሁራን ያሳተሟቸው ጥናቶች ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ቋንቋው፣ ስለ መምህሩ መገፋት በተደጋጋሚ ጽፈዋል። መምህራኑ ራሳቸው በመራራ ቀልድ የሚሉት አጭር ነበር፤ መምህርነት ማብራትና ማጥፋት ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ያልተነገረለት ተቃርኖ አለ። ከፕላዝማው አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1995 ዓ.ም. ግድም፣ ኢትዮጵያ የመምህራን ሥልጠናዋን ከሥሩ ከልሳ ነበር። በባለሙያዎች ዘንድ «ቴሶ» በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው ይህ ክለሳ ዕጩ መምህሩ ብዙ ጊዜ በትምህርት ቤት እንዲለማመድ፣ ያየውንና ያደረገውን እንዲመረምር፣ ምርመራውንም በፖርትፎሊዮ እንዲያሰባስብ ይጠይቅ ነበር። ለኮሌጅ አሠልጣኞችም የከፍተኛ ዲፕሎማ መርሐ ግብር ተዘርግቶ እነርሱም የራሳቸውን ማስታወሻ እንዲይዙ ተደረገ። እንግዲህ አንዱ የመንግሥት እጅ ለመምህሩ ደብተር ሰጥቶ «ስለ ትምህርትህ አስብ፣ ጻፍ» ሲለው፣ ሌላው እጅ በዓመቱ መጥቶ የሚያስብበትን ትምህርት ወሰደበት። ያላስተማረውን ትምህርት ምን ብሎ ይመርምረው?

ፖርትፎሊዮውም የራሱ ጉድለት ነበረው። አንባቢ አልነበረውም። ዕጩው ይጽፋል፣ አሠልጣኙ ነጥብ ይሰጣል፣ ማኅደሩ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። አንባቢ የሌለው ጽሑፍ ቀስ በቀስ ቅጽ መሙላት ይሆናል፤ ቅጽ መሙላት ደግሞ ከጓደኛ ለመቅዳት እንደሚመች ተማሪ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። ብሎግ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ያለው ብልጫ ቀለሙ ወይም ፎቶው አይደለም። ጎረቤት ትምህርት ቤት ያለ ባልደረባ ዛሬ ማታ ሊያነበው መቻሉ ነው። ስለዚህ ዕጩ መምህርን ብሎግ ማስተማር ማለት በመሠረቱ ያንኑ የ1995 ዓ.ም. ደብተር አንባቢ መስጠት ማለት ነበር። ሥልጠናዎቹ ግን በዚህ መንገድ አላዩትም፤ ብሎግን ከኮምፒውተር ትምህርት ምዕራፎች አንዱ አደረጉት።

መሣሪያውን አስቀድሞ መምህሩን ማስከተል የኢትዮጵያ ብቻ ጠባይ እንዳልሆነ የሞያሌ ነዋሪ በሌላው ዓይኑ አይቷል። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ምርጫ ለአንደኛ ክፍል ልጆች ላፕቶፕ ይሰጣል የሚል ቃል ተገባ። ቃሉ በጨረታ ውዝግብ ተንከባሎ እ.ኤ.አ. በ2016 ታብሌት ሆኖ ወረደ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ታብሌቶች ተከፋፈሉ፤ ለአንድ ትምህርት ቤት መምህራን የተመደበው መሣሪያ ግን ሁለት ነበር። ይህ ቁጥር ለኂስ ከበቂ በላይ ነው። ለልጁ አንድ፣ ለመምህራኑ በሙሉ ሁለት! አሳቢዎቹ ዕውቀቱ ከመሣሪያው በቀጥታ ወደ ልጁ እንደሚፈስ አምነው ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ክፍፍል አይመጣም። ይህ እምነት ከወንጪና ከወለንጪቲ ታሪክ ጋር አንድ ምንጭ አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር በእነዚህ ሁለት የኢትዮጵያ አካባቢዎች ትምህርት ቤት ላልደረሰላቸው ልጆች ታብሌቶች ከነካርቶናቸው ያለ መምህር እንደ ተተዉላቸውና በወራት ውስጥ ልጆቹ የመሣሪያውን ቁልፍ እስከ መስበር እንደ ደረሱ ተናገሩ። ዓለም አጨበጨበ። የልጆቹ ብልሃት ለጭብጨባ የተገባ ነው። ከጭብጨባው ውስጥ የተሰማው ሌላ ድምፅ ግን «እንግዲያው መምህር ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ነበር።

በስልኩ ኢንተርኔት የሚከፍት ዕጩ መምህር ዛሬ ምን ያገኛል? ብዙ ያገኛል። የኬንያ ሥርዓተ ትምህርት ተቋም በራሱ የኢንተርኔት ክምችት የጸደቁ ትምህርቶችን ያቀርባል፤ ከሥርዓተ ትምህርቱ ጋር የተገጣጠሙ በመሆናቸው ለፈተና የሚጨነቅ ወላጅ ይመርጣቸዋል፤ መምህሩ የሚጨምርበት ቦታ ግን ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው ዓለም አቀፍ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ለልጆች የንባብ መጻሕፍትን በአማርኛ ጭምር በነፃ ይሰጣል፤ ብዙዎቹ ከሌላ አገር ቋንቋ የተተረጎሙ ስለሆኑ ግን ልጁ በፊደሉ እያነበበ በሥዕሉ ሌላ አገር ይሄዳል። ይህ ለምናብ ጥሩ ነው፤ ለሳይንስ ትምህርት ግን አይበቃም።

ከሁሉ ሊመሰገን የሚገባው «ቴሳ» ነው። ከእ.ኤ.አ. 2005 ጀምሮ በብሪታኒያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት ከአፍሪካ ተቋማት ጋር የተዘጋጀው ይህ ክምችት ለአንደኛ ደረጃ መምህራንና ለዕጩዎች የታሰበ ነው። ከልምምዶቹ መሀል አንድ መምህር በአንድ ክፍል ያደረገውን የሚተርኩ አጫጭር ታሪኮች አሉት፤ ተማሪዎቹን ምን እንዳዘዘ፣ ምን እንዳጋጠመው፣ በማግሥቱ ምን እንደ ለወጠ ይነግራሉ። ፈቃዱም ለጋስ ነው። ማንም መምህር ወስዶ፣ ለውጦ፣ ለራሱ ክፍል እንዲያመቻች በግልጽ ተፈቅዶለታል። ይህ «ውሰድ» ብቻ ሳይሆን «ለውጥ» የሚል መርጃ ነው፤ ከፕላዝማው ጋር ሲተያይ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ጉድለቱ ቋንቋው ላይ ነው። በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በዐረብኛና በስዋሂሊ ቀርቧል፤ አማርኛና ኦሮምኛ ከአራቱ ውስጥ የሉበትም። ፈቃዱ የተሰጠው በእንግሊዝኛ አንብቦ በራሱ ቋንቋ ሊጽፍ ለሚደፍር ሰው ነው። ያንን ድፍረት ደግሞ የትኛውም ክምችት አብሮ አያወርድም።

ነገሩ በአንድ የትምህርት ርእስ ይታይ። አንዲት ዕጩ መምህር ሞያሌ ላይ ለሦስተኛ ክፍል ልጆች ስለ ወቅቶች ልታስተምር ተዘጋጀች እንበል። ኢንተርኔት ከፈተች። መጀመሪያ የሚመጡላት ከባሕር ማዶ የተሠሩ ያማሩ ሥዕሎች ናቸው፤ በረዶ፣ የሚረግፍ ቅጠል፣ አበባ፣ ፀሐይ። እነዚህን እንደማይሆኑ ለማወቅ ሥልጠና አያስፈልጋትም። ቀጥላ አማርኛ ታያለች። ከአዲስ አበባ የተሰናዳው ጽሑፍ ክረምት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ ዝናብ ይጥላል፣ ወንዝ ይሞላል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል ይላታል። ቋንቋው የራሷ ነው፤ አነጋገሩ ከልጅነቷ የምታውቀው ነው፤ ስለዚህም አደገኛው ይኼኛው ነው። ሞያሌ ላይ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ የላቸውም። ቦረናዎች አዶሌሳ የሚሉት፣ ነፋሻማና ቀዝቃዛ፣ ሣሩም እየደረቀ የሚሄድበት ጊዜ ነው። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይመጣል፤ ስሙ ገና ነው። አጭሩ ዝናብ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይመጣል፤ ስሙ ሐጋያ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ጊዜ ቦና ይባላል።

አሁን ይህቺው ዕጩ መምህር «ገና» የሚለውን ቃል በፊደል ጽፋ ትፈልግ። የሚመጣላት የልደት በዓልና የገና ጨዋታ ነው። «ሐጋያ»ን ትፈልግ፤ ግእዝ «ሐጋይ» የሚለው በጋን፣ የዝናብ ተቃራኒውን ነው። ሁለት ጎረቤት ቋንቋዎች በአንድ ድምፅ ሁለት የተቃረኑ ወቅቶችን ይጠራሉ፤ የመፈለጊያው ማሽን ደግሞ ብዙ ጽሑፍ ወዳለበት ያደላል። የናይሮቢው እንግሊዝኛ መርጃ በወሮቹ ረገድ ከአዲስ አበባው ይሻላታል፤ ረጅሙን ዝናብ ከመጋቢት ይጀምረዋልና። የሚሰጣት ምሳሌ ግን የበቆሎ ዘር ነው። ሞያሌ ዙሪያ ዝናብ ማለት ግጦሽ ማለት ነው፤ የራቀ ከብት መመለስ፣ የወተት መብዛት ማለት ነው። ደረቁ ጊዜ ሲበረታም የልጁ ወንበር ባዶ የሚሆንበት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ይህንን የያዘ መርጃ ለማውረድ የሚቻልበት ቦታ የለም። ያለው በክፍሉ ውስጥ፣ በሠላሳና በአርባ ልጆች አፍ ላይ ነው። ዕጩዋ ልጆቹን ጠይቃ፣ የሰማችውን በሦስትና በአራት ቋንቋ ጽፋ፣ ሰሌዳው ላይ ያደረገችውን ሠንጠረዥ ፎቶ አንሥታ ብታወጣው፣ ከእርሷ በኋላ የሚመጣው ዕጩ የሚያገኘው ነገር ይኖራል። ብሎግ ለመምህር የሚጠቅመው ለዚህ ነው እንጂ የራስን ስም በኢንተርኔት ለማየት አይደለም።

አማርኛ ለብሎግ ያወጣለት ስም «ጦማር» ነው። ቃሉ በግእዝ መልእክትን፣ ደብዳቤን የሚጠራ ነው። ላኪና ተቀባይ ያለው ጽሑፍ ማለት ስለሆነ፣ ከተሰጡት ዘመናዊ ትርጉሞች ሁሉ ሳያስቡት የተሳካ ትርጉም ነው። ይሁን እንጂ ብዙ የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ቃል ያወቀው ከክፍል አይደለም፤ ከፍርድ ቤት ዜና ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 መጻፍ የጀመሩት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር በሚያዝያ 2014 ታሰሩ፤ የተፈቱት በ2015 በተለያዩ ወራት ነው። ከዚያም በፊት፣ ከግንቦት 2006 ጀምሮ፣ ብሎግስፖት የተባለው የጦማር ማደሪያ በኢትዮጵያ ውስጥ ተዘግቶ ነበር። የተዘጋው የተወሰነ ጽሑፍ ሳይሆን ሙሉ ማደሪያው ነው፤ ስለ ክፍልፋይ ማስተማር የጻፈ መምህርም ቢኖር አብሮ ተዘግቷል። መንግሥት 264 ድረ ገጾችንና ጦማሮችን የከፈተው በሰኔ 2018 ነው።

በኬንያ ወገን ደግሞ በዚያው ዘመን ሌላ ታሪክ ይካሄድ ነበር። በ2007 ምርጫ ማግሥት አገሪቱ በደም ስትታመስ ኦሪ ኦኮሎህ በጦማሯ ያቀረበችው ሐሳብ በጥር 2008 ኡሻሂዲ የተባለውን የመረጃ ካርታ ወለደ። ዜጎች ያዩትን በስልክ መልእክት ልከው በካርታ ላይ የሚያሰፍሩበት ይህ ሥራ ከኬንያ ወጥቶ በብዙ አገር ሥራ ላይ ዋለ። አንድ ከተማ ውስጥ፣ አንድ መንገድ ተሻግሮ፣ ጦማር በአንዱ ወገን የክስ ማስረጃ፣ በሌላው ወገን የአገር መመኪያ ነበር። ይህ ለዕጩ መምህሩ ሩቅ ፖለቲካ አይደለም። ወላጁ «ልጄ፣ ስምህን ጽሑፍ ላይ አታውጣ» ሲለው ፍርሃቱ ከወዴት እንደ መጣ የሚያስረዳ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ወጥቶ ሲሰረዝ፣ ቀጥሎም ማኅበራዊ ገጾች ሲዘጉ፣ በ2017 ደግሞ ለፈተናው ሲባል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ኢንተርኔት የሌባ ስም ነበረው። በሐጫሉ ሁንዴሳ ሞት ማግሥት በ2020 ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲጠፋ፣ የኬንያው ኔትዎርክ አልተነካም። በሞያሌ ሁለት ሲም ካርድ መያዝ ቅንጦት የማይሆነው በእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ይህን ሁሉ የተሸከመ ወጣት ፊት ቆሞ «ብሎግ መክፈት ቀላል ነው፤ እዚህ ጋ ይጫኑ» ብሎ መጀመር የሥልጠናን ድህነት ያሳያል። ቁልፉ የት እንዳለ ወጣቱ ከአሠልጣኙ ቀድሞ ያውቃል። የማያውቀው ሌላ ነው። ያልተሳካን ትምህርት ሳያፍሩና ማንንም ሳያሳፍሩ እንዴት ይጻፋል? የአንድን ልጅ ስህተት ልጁን ሳያጋልጡ እንዴት ይነገራል? የልጆች ፎቶ ለማውጣት የማን ፈቃድ ያስፈልጋል? ኬንያ የግል መረጃ ጥበቃ ሕጓን በ2019፣ ኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 1321ን በ2024 አውጥተዋል፤ የድንበር ከተማ መምህር ሁለቱንም ማወቅ ይገባው ይሆናል። ስሜን ላውጣ ወይስ ልሰውር የሚለው ጥያቄም በሥልጠና ጊዜ በግልጽ ሊነሣ የሚገባው እንጂ ለወጣቱ የግል ጭንቀት የሚተው አይደለም።

ቴሌግራም አለ፤ ጦማር ምን ያደርጋል የሚሉ ይኖራሉ። ክርክሩ ክብደት አለው። መምህራን በእውነት የሚገናኙት በቴሌግራም ነው፤ ዳታ አያባክንም፣ ፋይል ይይዛል፣ በርካሽ ስልክም ይሠራል። ግን ቴሌግራም ላይ የሚንሸራሸረው በአብዛኛው ባለቤቱ የማይታወቅ ፋይል ነው፤ የፈተና ጥያቄ፣ የመጽሐፍ ቅጂ፣ የማን እንደ ሆነ ያልተጻፈበት የትምህርት ዕቅድ። ዛሬ የተለጠፈው በሳምንቱ ከሥር ተቀብሯል። በዚህ ላይ የትምህርት ዕቅድ በአንድ ደቂቃ የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል። ማሽኑ ዕቅዱን ያሳምረዋል፤ በተጻፈው ብዛት የሚመራ ነውና ስለ ገና ቢጠየቅ የትኛውን ገና እንደሚመርጥ መገመት አያዳግትም። የመምህሩ ማስታወሻ ዋጋ ከማሽኑ መምጣት በኋላ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

የፊደሉም ነገር አለ። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የአማርኛ ጽሑፍ በየራሳቸው ስልት በተሠሩ ፎንቶች ሲጻፍ ኖሯል። በዚያ መንገድ የተጻፈ የትምህርት ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። በፎቶ የተነሣ ገጽ ደግሞ ለዓይን ይነበባል እንጂ ለመፈለጊያው ማሽን በቀላሉ አይገኝለትም። ስለዚህ አንድ መምህር አርባ ገጽ ጠንክሮ አዘጋጅቶ በፎቶ ቢለጥፈው፣ የሚፈልገው ባልደረባ አጠገቡ ሆኖ ላያገኘው ይችላል። በስልክ ላይ ፊደል መተየብን ማስተማር አንድ ከሰዓት በኋላ የሚወስድ ትንሽ ሥራ ነው። ሥልጠናዎች ለስላይድ ማሳመሪያ ቀናት ሲመድቡ ለዚህ አንድ ሰዓት መንፈጋቸው ይገርማል።

ጊዜውስ ከየት ይመጣል? በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር፣ ስልሳ ደብተር የሚያርም፣ ለዳታ ከደመወዙ የሚከፍል መምህር «ጻፍ» ሲባል መቆጣቱ ትክክል ነው። ሰዎች የሚመኙት በየዕለቱ የሚታደስ፣ ሥዕል የሞላበት ጦማር እርሱን አይመለከተውም፤ በወር አንድ ገጽ ከበቂ በላይ ነው። ገጹም አጭር ሊሆን ይችላል። ቀኑ በሁለት አቆጣጠር ይጻፋል። ሰዓቱ ስልኩ ሰባት ቢልም አንድ ሰዓት ተብሎ ይጻፋል፤ በዚህ ረገድ አማርኛና ስዋሂሊ ተስማምተው ሰዓትን ከንጋት ይቆጥራሉ፣ ልጆቹም የሚያውቁት ያንን ነው። ከዚያ የተጠየቀው ጥያቄና ልጆቹ የመለሱት ይሰፍራል። በሰኔ፣ ሰማዩ ደመና ለብሶ ምድሩ ደርቆ ሳለ፣ «አሁን ምን ወቅት ነው?» ተብሎ ክረምት ያለ ልጅ ስንት ነበር፣ አዶሌሳ ያለውስ? ክረምት ያሉት ከየት ሰሙት፤ ከቤት፣ ከመጽሐፍ ወይስ ከድንበሩ ማዶ ካለው ዘመድ? ይህን የሚመልስ ገጽ በየትኛውም ክምችት ውስጥ የለም።